አረፋ የማያወጣው ድንጋይ፦ ካርቦኔሽን በሐሙሲት ዙሪያ

በመማሪያ መጻሕፍታችን የካርቦኔሽን ምሳሌ ዘወትር የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ፒኤቹ 5.6 ገደማ የሆነ ደካማ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ካልሲየም ካርቦኔትን ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት ለውጦ ያጥበዋል። በባሌ፣ የዌብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የፈለፈለው የሶፍ ዑመር ዋሻ ለዚህ ግሩም ምስክር ነው።

እኔ ያደግሁባት ሐሙሲት ግን የባዛልት አገር ናት። ባልበሰበሰ ባዛልት ላይ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ ቢያርፍ አረፋ አይወጣም። ከዚህ ተነሥቶ «ካርቦኔሽን እዚህ የለም» ማለት ይቀላል፤ ሆኖም ይህ ፍተሻ የሚነግረን ድንጋዩ ካርቦኔት ያለው መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ካርቦኒክ አሲድ በባዛልቱ ፌልድስፓርና ፓይሮክሲን ላይም፣ ምንም እንኳ በዝግታ ቢሆን፣ ይሠራል። ከሃይድሮሊሲስ ጋር ተጣምሮ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከባይካርቦኔት ጋር ወደ ወንዝ ይሰዳል፤ ከቀረው ሲሊካ፣ አሉሚኒየምና ብረት ደግሞ ሸክላና የብረት ኦክሳይድ ይፈጠራል። የኖራ ድንጋይ ሲሟሟ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ባዛልት ሲበሰብስ አፈር ይተዋል።

ለመንገድ በተቆረጡ ጉብታዎች ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ድንጋዩ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ይላጣል፤ የውጩ ልጣጭ በጣት ሲነካ ይፈርሳል፤ እምብርቱ ግን ጥቁርና ጠንካራ ነው። የዕፀዋት ሥሮችና ረቂቅ ሕዋሳት ስለሚተነፍሱ፣ በአፈር ውስጥ ያለው አየር ከላይኛው አየር በብዙ እጥፍ የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ስለዚህ ዕፀዋት በለበሰ መሬት አሲዱ ይበረታል።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሣው ጉማራ፣ ይህን የብስባሴ ውጤት ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ያወርዳል። ሩዝ የሚበቅልበት ጥቁር ዋልካም ከዚሁ ሥራ የተገኘ ነው። ነገር ግን አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ጎርፍ በጥቂት ክረምት ይወስደዋል። በቁልቁለት ላይ ባለው የአባቴ ማሳ፣ ማረሻው የሚነካው ድንጋይ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። ለሜዳው ሲሳይ የሆነው ደለል ለቁልቁለቱ ኪሳራ ነው።

ስለሆነም ጉማራን የምናጠና ተማሪዎች ባይካርቦኔቱን ብቻ ለክተን ልንመለስ አይገባም። በውኃው የሟሟው ንጥረ ነገር ድንጋዩ በምን ፍጥነት ወደ አፈር እንደሚለወጥ ያመለክታል፤ ያደፈረሰው ደለል ደግሞ ምን ያህል አፈር እንደሚሄድ ይናገራል። የቁልቁለቱ ገበሬ ዕጣ የሚታወቀው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።