ዝም ያለ መጽሐፍ

«ዝምታ ወርቅ ነው» ሲባል እየሰማሁ አደግሁ፤ መምህር በሆንሁም ጊዜ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። የመምህርና የመጽሐፍ ዝምታ ግን ሁልጊዜ ወርቅ አለመሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

እንግሊዝኛ ማንበብ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤታችን ከነበረ አሮጌ የአሜሪካ ማንበቢያ ነው። አዘጋጁ ዊልያም ማክጋፊ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በ1836 እ.ኤ.አ. በሲንሲናቲ ከተማ ታተሙ። ስለ ትጋት፣ ስለ እውነተኛነት፣ ለድኻ ስለ መራራት ያስተምራል፤ እስከ ዛሬም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሲንሲናቲ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ከወንዙ ማዶ ባለው በኬንተኪ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት ጄምስ በርኒ የተባለ ሰው ባርነትን የሚቃወም ጋዜጣ በከተማይቱ ቢያሳትም፣ ሁከተኞች ተሰብስበው ማተሚያውን ሰባብረው ከወንዙ ጣሉት። ማንበቢያው ግን ያንን ክርክር ሸሽቶ አለፈው። በሰሜንም በደቡብም እንዲሸጥ የታሰበ መጽሐፍ ገዢን ማስቀየም አይወድምና።

ያልሸሸም ነበር። ካሌብ ቢንግሃም በ1797 ባሳተመው «ኮሎምቢያን ኦሬተር» በተባለው የንግግር መማሪያ፣ አንድ ባሪያ ከጌታው ጋር ተከራክሮ በምክንያት ረትቶት ነጻ ሲወጣ ይነበባል። ፍሬድሪክ ዳግላስ በባልቲሞር በባርነት ሳለ፣ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ፣ ይህን መጽሐፍ በ50 ሳንቲም ገዛ፤ ደጋግሞም አነበበው። በኋላም ባርነትን በመቃወም ስመ ጥር ተናጋሪ ሆነ። የባሪያ ጌቶች የፊደልን ኃይል ያውቁ ስለ ነበር፣ እንደ ሰሜን ካሮላይና ያሉ ግዛቶች በ1830ዎቹ ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ ከለከሉ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ከበደልሁ በኋላ ነው። በወጣትነቴ ከዚያው ማንበቢያ አንድ ምንባብ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳስተምር፣ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ የባሮቹ ልጆችስ የት ይማሩ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ አላውቅም ማለትም አፈርሁ። «በመጽሐፉ የሌለ ነገር በፈተና አይመጣም፤ ተቀመጥ!» አልሁት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ ትምህርት እጁን አላነሣም። አያቱ በልጅነታቸው በገንዘብ የተገዙ ሴት እንደ ነበሩ የሰማሁት ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው። ለካስ የጠየቀኝ ስለ አሜሪካ ብቻ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ መምህር ብትሆን መጽሐፉ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ዝም ያለውንም መርምር። ልጅ ሲጠይቅህ የማታውቀው ቢሆን አላውቅም በል፤ አብረህም ፈልግ። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ይህ ጽሑፍ ከእጁ ቢገባ አንድ ቃል አለኝ፦ ልጄ ሆይ፣ ጥያቄህ ትክክል ነበረ፤ መቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።