የተቀደደ ሕዋስ እንዴት ይጠገናል?

ሕዋስን ከውጭው ዓለም የሚለየው ሽፋን ከ10 ናኖሜትር የማይበልጥ ድርብ የስብ ንጣፍ ነው። ይህ ስስ ነገር በየቀኑ ይቀደዳል። ሰው ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደቱን ስለሚሸከም የብዙ ጡንቻ ሕዋሳት ሽፋን ይሸነቆራል፤ የልብና የአንጀት ሕዋሳትም ከዚህ አያመልጡም። ግን አብዛኞቹ አይሞቱም። ቀዳዳው አንድ ደቂቃ ገደማ በሚሆን ጊዜ ይደፈናል።

ጥሪውን የሚያሰማው ካልሲየም ነው። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ካልሲየም ከውስጡ 10,000 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ ሽፋኑ እንደተቀደደ ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ጎርፉ ካልቆመ ሕዋሱን ይገድላል፤ ጠጋኞቹን ካሉበት የሚቀሰቅሳቸውም እሱው ነው።

ከጠጋኞቹ ግንባር ቀደሞቹ አኔክሲን የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። በደህናው ጊዜ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ተበትነው ይኖራሉ። ካልሲየም ሲደርስ ግን በእነሱና ኔጌቲቭ ቻርጅ ባላቸው የሽፋኑ ስቦች መካከል ገብቶ ያጣብቃቸዋል። አኔክሲን ኤ5 ሦስት ሦስት እየሆነ ይያያዛል፤ እነዚህም እርስ በርስ ተገጣጥመው በቀዳዳው ዙሪያ መረብ ይዘረጋሉ። ልብስ ሰፊ ጨርቁ እንዳይተረተር ጠርዙን እንደሚቀመቅም፣ መረቡም ቀዳዳው እንዳይሰፋ ጠርዙን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር በጣም ይገርማል፤ ከሽፋኑ ጋር የሚጣበቅ፣ መረብ መሥራት ግን የማይችል አኔክሲን ኤ5 ቀዳዳውን ማስደፈን አልቻለም። መጣበቁ ብቻ አይበቃም፤ መያያዝ አለባቸው።

ቀጥሎ አኔክሲን ኤ4 ጠርዙን ያጎብጠዋል፤ ኤ6 እንደ ከረጢት አፍ ይሰበስበዋል። ከ100 ናኖሜትር በታች የሆነውን ቀዳዳ ደግሞ ኤስኮርት-3 የተባለው የፕሮቲን ቡድን ከነጉዳቱ ቆርጦ ወደ ውጭ ይጥለዋል።

ጥገናው ሲጓደል የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ1998 የተለየው ዲስፈርሊን በጡንቻ ሽፋን ጥገና ላይ የሚሠራ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዲስፈርሊን የሌላቸውን የአይጥ ጡንቻዎች በሌዘር ወጉ፤ የጤነኛው ጡንቻ ቀዳዳ ወዲያው ሲደፈን በእነዚህ ግን ቀዳዳውን ለማየት ከውጭ የተጨመረው ቀለም ወደ ውስጥ መግባቱን ቀጠለ። ይህ ፕሮቲን የጎደለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሮጦ ዘሎ ያደገ ወጣት ነው፤ በአሥራዎቹ መጨረሻ ወይም በሃያዎቹ ዕድሜው በእግር ጣቱ መቆም ያቅተዋል፣ ከዚያ ደረጃ መውጣት። ሕመሙ የጡንቻ ብግነት ስለሚመስል ስቴሮይድ የሚታዘዝላቸው አሉ፤ መድኃኒቱ ግን ለዚህ በሽታ አይረዳም። ስለዚህ የዘረመል ወይም የጡንቻ ናሙና ምርመራ ከመድኃኒቱ መቅደም አለበት።