ወጥ ለመሥራት ዩኒቨርሲቲ ይገባል?



ሰሞኑን ሁለት ዓይነት ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። አንዷ እናት፣ «ልጄ ነርሲንግ አልማርም፣ የምግብ ሳይንስ ነው የምፈልገው አለችኝ፤ ምን ልበላት?» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ፣ «ልጆቼ ትምህርት ቤት ገቡ፣ እኔም መማር አምሮኛል፤ ግን ሙስሊም ሴት እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ገብታ ዲኗን ጠብቃ መጨረስ ትችላለች ወይ?» ትለኛለች። ለሁለታችሁም በአንድ ላይ ልመልስላችሁ ብዬ ነው የዛሬውን የጻፍኩት።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ብሩክሊን ሴንተር ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ለዓመታት አንድ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ማታ ማታ ሠርቻለሁ። አሁን፣ አልሐምዱሊላህ፣ የምግብ ሳይንስ ዲግሪዬን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቶኛል።

ይህን ትምህርት መጀመሬን ደሴ ላለችው እናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ወጥ ለመሥራት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል? እኔ አስተምሬሽ የለም እንዴ?» አለችኝ። ቀጥላ ግን ድምጿ ተቀየረ። ነርስ እሆናለሁ ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራ ነበር። እዚህ አገር ያለን እናቶች የልባችንን ጭንቀት ታውቁታላችሁ። ነርሲንግ ሥራው የታወቀ ነው፣ ደመወዙም የታወቀ ነው፣ ከኛ መካከል የተማሩትም ብዙ ናቸው። የምግብ ሳይንስ ግን ምን እንደሆነ እንኳ በወጉ የሚያስረዳን ሰው የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንዳልሆነ ልንገራችሁ። የምግብ ሳይንስ የምግብ ዝግጅት ትምህርት አይደለም። ሥነ ምግብም አይደለም። ሥነ ምግብ የሚጠይቀው የበላነው ነገር ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል ብሎ ነው። የምግብ ሳይንስ ደግሞ አፋችን ከመድረሱ በፊት ያለውን ይጠይቃል። ወተት ለምን ይበላሻል? ቂቤ ለምን ይሻግታል? ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ ባቄላ ለዓመታት ሳይበላሽ እንዴት ይቆያል? ይህን ለመመለስ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሞላ ጎደል እነዚህ ናቸው። ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ማይክሮባዮሎጂ። ከዚያ በኋላ ነው የምግብ ኬሚስትሪ፣ የምግብ ማይክሮባዮሎጂ፣ የማቀነባበር ምህንድስና፣ የምግብ ምርመራ፣ የቅምሻ ጥናትና አዲስ ምርት መፍጠር የሚመጡት። ድስት ያየሁት በሦስተኛው ዓመት ነው ብላችሁ እመኑኝ!

ከባድ ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የወሰድኩበት ወቅት ከረምዷን ጋር ገጥሞ፣ ከተራዊሕ መልስ ልጆቹን አስተኝቼ እስከ ሱሑር የተቀመጥኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ግን ይህ ትምህርት ከሌሎች የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ኩሽናሽ ውስጥ ስታደርጊው የኖርሽውን ነገር ምክንያቱን ያሳይሻል።

እንጀራን ተመልከቺ። ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን የለውም። ስንዴ ሲቦካ ሊጡ እንደ ላስቲክ እየተለጠጠ አየሩን ይይዘዋል፤ ጤፍ ይህ የለውም። ታዲያ የእንጀራ ዓይን ከየት ይመጣል? እርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሲድ ይሠራሉ፣ የእርሾ ሕዋሶቹ ደግሞ ጋዝ ይሠራሉ። እናቶቻችን ግን በዚህ አያበቁም፤ ከቦካው ሊጥ ቀንሰው አብሲት ይጥላሉ። ሊጡ በፈላ ውሃ ሲበስል ውስጡ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይወፍራል። ይህ የወፈረው ወደ ሊጡ ሲመለስ ጋዙ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ግሉተን የሚሠራውን ሥራ አብሲት ይሠራዋል ማለት ነው። ሱብሐነላህ! የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ብርሃኑ ጋሼ በጤፍ ሊጥ መቡካት ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ድርሻ ያጠኑበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም አቀፍ የምግብ ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። የኛ ሊጥ የሳይንስ ርዕስ ከሆነ ቆየ።

ይህን ለእማዬ በስልክ ሳስረዳት ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያ፣ «አያቴ ይህን አታውቅም፤ ግን ታደርገው ነበር» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ነርሲንግን አላነሳችብኝም።

የእንጀራን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። አንድ የኔዘርላንድ ድርጅት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ ያለውን መብት ውድቅ ያደረገው። እንዲህ ዓይነት ክርክር ውስጥ ሰው የሚያስፈልገው «እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር» ከማለት አልፎ በኬሚስትሪ ቋንቋ መናገር የሚችል ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ሐራም የሆነ ነገር ቢመጣብሽስ?

ይመጣል፤ አልደብቅሽም። አንድ ጊዜ ቡድናችን ጋሚ የሚባለውን ለስላሳ ከረሜላ እንዲሠራ ተመደበ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጄላቲን ከአሳማ ቆዳ የተሠራ ነበር። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ከአሳማ ሊሆን ይችላል፣ ከከብትም፣ ከዓሣም። ቡድኔ ውስጥ ሙስሊም እኔ ብቻ ነበርኩ። ቤት ሄጄ ለባለቤቴ ነገርኩት። «ከተቸገርሽ ኮርሱን ተይው፣ አላህ ሌላ ይከፍታል» አለኝ። ኮርሱን መተው ማለት ግን ምረቃዬን አንድ ዓመት ማዘግየት ነበር። ሌላ የአንድ ዓመት የማታ ሥራ ማለት ነው። ኢስቲኻራ ሰግጄ በማግስቱ ለመምህሯ፣ «ይህን በሃይማኖቴ ምክንያት መቅመስ አልችልም፤ ባልሠራበትም እመርጣለሁ» አልኳት። ስለ ሃይማኖቴ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። «ታዲያ በምን ልትተኪው ነው?» ብቻ አለች።

ያ ጥያቄ ከማንኛውም ሌክቸር በላይ አስተማረኝ። ከፍራፍሬ የሚገኘውን ፔክቲንና ከባሕር ተክል የሚወጣውን አጋር-አጋር ይዤ ሥራ ጀመርኩ። ጄላቲን የሚቀልጠው ከሰውነታችን ሙቀት በታች ነው፤ ምላስ ላይ የሚሟሟው ለዚህ ነው። አጋር-አጋር ግን አንዴ ከረጋ በኋላ እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ አፍ ውስጥ ይሰበራል እንጂ አይሟሟም። አብዛኛውን ጊዜ ለጣፋጭ የሚውለው የፔክቲን ዓይነት ደግሞ በቂ ስኳርና አሲድ ካላገኘ አይረጋም፤ አሲዱ ቀድሞ ከገባ ቅርጹ ላይ ሳይፈስ ድስቱ ውስጥ ይረጋል። ኩባንያዎች ጄላቲንን የሚመርጡት ሙስሊምን ለማስቸገር ሳይሆን የሚተካው ነገር ከባድ ስለሆነ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የሚተካውን የሚያገኝ ሰው መኖር እንዳለበትም ያኔ ገባኝ። ያ ሰው ለምን አንቺ አትሆኚም?

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ጎረቤቴ የሆነች እህት በቴሌግራም የተላከላትን የ«ሐራም ቁጥሮች» ዝርዝር ይዛ መጣች። ከዝርዝሩ ውስጥ ሌሲቲን አለ ብላ የልጆቿን ቸኮሌት ሁሉ ልትጥል ነበር። አብረን ማሸጊያውን አነበብነው፤ የአኩሪ አተር ሌሲቲን ይላል። ቁጥሮቹም የአውሮፓ አሠራር ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ስሙ ነው። ያልጠረጠረችው ዳቦ ላይ ግን «ሞኖ እና ዳይግሊሰራይድ» ተጽፏል። ይህ ከዕፅዋትም ከእንስሳም ስብ ሊሠራ ይችላል፤ ሕጉ ምንጩን ጻፉ ብሎ አያስገድድም። የቫኒላ ኤክስትራክት ደግሞ በአሜሪካ ደንብ በዚያ ስም ለመሸጥ ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል። ከነፍሳት የሚወጣው ካርሚን የተባለው ቀይ ቀለም ከ2011 ጀምሮ በስሙ መጻፍ አለበት። አይብ ላይ «ኢንዛይም» የሚለው ቃል ከጥጃ ጨጓራ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ከተፈቀደ ወዲህ ግን ብዙው በረቂቅ ሕዋሳት የሚመረት ነው።

አየሽ እህቴ፣ ባለማወቅ ሁለት ጊዜ እንጎዳለን። አላህ የፈቀደልንን በወሬ በልጆቻችን ላይ እንከለክላለን፤ ሊያጠራጥረን የሚገባውን ደግሞ ሳናይ እንገዛለን። ሐላልን ሐራም ማለት ሐራምን ሐላል ከማለት ያነሰ ነገር አይደለም። እኔ ብይን አልሰጥም፤ ቦታዬም አይደለም። ካርሚን ላይ፣ የተለወጠ ነገር ላይ ዑለማዎች የየራሳቸው አስተያየት አላቸው። ግን ዓሊሙ ፈትዋ ለመስጠት መጀመሪያ «ይህ ነገር ምንድን ነው? ከምን ተሠራ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያንን የሚመልስለት ከኛው መካከል የወጣ ሰው ያስፈልገዋል።

እዚህ አካባቢ ላላችሁ መንገዱን በአጭሩ ልንገራችሁ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስና ሥነ ምግብ ክፍል ያለው ሴንት ፖል ካምፓስ ነው። መኪና ለሌላችሁ፣ ከብሩክሊን ሴንተር ትራንዚት ሴንተር ሲ ላይንን ይዛችሁ ዳውንታውን ሚኒያፖሊስ፣ ከዚያ ግሪን ላይን ባቡር፣ ከዚያ በካምፓሶቹ መካከል በሚመላለሰው የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ትደርሳላችሁ። በጥር ብርድ ረጅም ነው፤ ካርዶቼን አውቶቡስ ውስጥ ነው የማጠናው። መሠረታዊ ኮርሶችን ግን ከቤታችን አጠገብ ብሩክሊን ፓርክ ባለው ኖርዝ ሄነፒን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር ይቻላል። ከመመዝገብሽ በፊት እያንዳንዱ ኮርስ ወደ ምግብ ሳይንስ መተላለፉን ከሁለቱም ወገን በጽሑፍ ጠይቂ።

ስለ ክፍያ፣ ገቢያቸው በዓመት ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ የሚኒሶታ ቤተሰቦች ከ2024 መኸር ጀምሮ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ የሚባል የስቴቱ ድጋፍ አለ። ሌሎች ድጋፎች ከሸፈኑት የቀረውን የሕዝብ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። ከወለድ ብድር ለምንሸሽ ሰዎች ይህ ትልቅ ረሕመት ነው። ልጅሽ ገና ሃይስኩል ከሆነች ደግሞ ፒ.ኤስ.ኢ.ኦ በሚባለው ፕሮግራም የኮሌጅ ኮርስ በነፃ መውሰድ እንደምትችል የትምህርት ቤቷን አማካሪ ጠይቂ።

ስለ ቅምሻው አንድ ምክር ልጨምር። ችግሩ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩን አነጋግሪ። ቅምሻ ላይ ተሳታፊዎች ምን እንደሚቀምሱ ሊነገራቸው ይገባል፤ አለርጂ ያለበትም ሰው አለና። አንቺ ቀማሽ መሆን ባትችዪ ቅምሻውን የምታዘጋጅ፣ ውጤቱን የምትተነትን መሆን ትችያለሽ። ረምዷን ሲገባም የምታምኚውን ዓሊም ቀድመሽ ጠይቂ።

ሥራስ? ምግብ እንደዚህ ከተማ የሞላበት ቦታ ጥቂት ነው። ጀነራል ሚልስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጎልደን ቫሊ ነው፣ ካርጊል ሚኒቶንካ፣ ላንድ ኦ ሌክስ አርደን ሂልስ። ከብሩክሊን ሴንተር ሁሉም በመኪና ቅርብ ናቸው። ሥራው የተረጋገጠ ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ሪዝቅ ከአላህ ነው። ነርሲንግም ክቡር ሙያ ነው። የምለው ይህን ነው፦ ልጅሽ ሱፐርማርኬት ውስጥ ማሸጊያ ገልብጣ፣ «እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላ የምትጠይቅ ዓይነት ልጅ ከሆነች፣ ይህን ጥያቄ በሕይወቷ ሙሉ እንድትጠይቅ ፍቀጂላት። አንቺም ራስሽ እንዲህ ከሆንሽ፣ ዕድሜዬ ሄዷል አትበዪ። ክፍሌ ውስጥ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነኝ፤ የቡድን ሥራ ሲመጣ ሁሉም የሚፈልገው ከኔ ጋር መሆን ነው። ሃያ ዓመት ሊጥ ያቦካ እጅ ላቦራቶሪ ውስጥ ይታወቃል።

አላህ ጠቃሚ እውቀት ይስጠን፣ ገበታችንን ሐላልና ጦይብ ያድርግልን፣ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። ኣሚን። በዱዓችሁ አትርሱኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።