ዘግይቶ የደረሰው

የአክሱም ክርስትና ታሪክ ከዛፍ ጥላ ሥር ይጀምራል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ብላቴኖችን አስከትሎ ሩቅ ሀገር ለማየት ወጣ። በመልስ ጉዞው መርከቡ ውኃና ስንቅ ፍለጋ ወደ አንድ ወደብ ጎራ ቢል፣ የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና ተሳፋሪዎቹን ፈጇቸው። የተረፉት ሁለቱ ብላቴኖች ብቻ ናቸው። ሲገኙ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። የያዟቸውም ሰዎች ራርተውላቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ ደግሞ ሒሳቡና መዝገቡ ተሰጠው።

የኋላውን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ሕፃን ልጇ እስኪያድግ እንዳይለዩዋት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ ቆየ፤ በሀገሩ ለሚመላለሱት ክርስቲያን ነጋዴዎችም የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው አደረገ። በኋላ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለዚያች ሀገር ጳጳስ እንዲላክላት ቢጠይቅ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ እርሱኑ ቀብቶ መለሰው። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንለዋለን፤ በዓሉንም ሐምሌ 26 ቀን እናከብራለን።

ታሪኩን ጽፎ ያቆየልን ሩፊኖስ፣ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማው ይናገራል። የሚገርመው ግን ብላቴኖቹ የተያዙባትን ሀገር «ህንድ» ብሎ መጥራቱ ነው። በዚያ ዘመን ለሮማውያን ከቀይ ባሕር ወዲህ ያለው ምድርም በህንድ ስም ይጠራ ነበርና። እኔ ደግሞ፣ ውድ አንባቢያን፣ በዚያችኛዋ፣ በእውነተኛዋ ህንድ ለጥቂት ወራት ተማሪም አስተማሪም ሆኜ ነበር። የአባ ሰላማን ታሪክ ከልቤ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ፣ የአንድ ዓመት የመምህርነት ሥልጠና ለመውሰድ በደቡብ ምዕራብ ህንድ ወደምትገኘው ወደ ኬራላ ሄድኩ። ከሥልጠናው ከፊሉ በአንድ ትምህርት ቤት ተመድቦ ማስተማር ነበር። ለስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ዘንድ ተመደብኩ። በዚያ ሀገር ልጆች ወንድ መምህራቸውን ከእንግሊዝኛው ወስደው «ሳር» ይሉታል። መጀመሪያ ቀን አርባ ልጆች ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ «ሳር!» ሲሉኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው እነሱ ደግሞ ከኔ ይበልጥ ሳቁ። የሰውን ልጅ ከሳር ጋር ያመሳሰለውን ነቢይ እያሰብኩ፣ ስሙ አልከበደኝም።

ሃይማኖቴ በዚያን ጊዜ ምን ይመስል ነበር? እንደ ስሜ ነበር ብል ይቀለኛል። ሰው ስሙን አይመርጠውም፤ ሌሎች ያወጡለታል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል። እኔም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ እሳለማለሁ፤ እናቴ ስትጾም ማዕዷ የጾም ስለሆነ እጾማለሁ። ከእናቴ ማዕድ ስርቅ ግን የጾመው ሰው እኔ ነበርኩ ወይስ ማዕዱ የሚለው ጥያቄ መጣ።

የተመደብኩላቸው መምህርት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሴት ነበሩ። የትምህርት ዕቅዴን ከክፍል በፊት አይተው ይፈርሙበታል፤ ከዚያ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ዓይናቸውን ከኔ ሳይነቅሉ ይጽፋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከጻፉልኝ ሁሉ አንዱ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። «ጥያቄ ጠይቀህ ራስህ ትመልሳለህ። ጠይቅና ቆይ። ዝምታውን አትፍራው፤ ልጆቹ የሚያስቡት በዝምታው ውስጥ ነው።»

ዝናቡም ይህንኑ አስተማረኝ። የእነሱም ክረምት ከእኛው ጋር ነው፤ ሰኔ ሲገባ ይጀምራል። ጣሪያውን ሲደበድበው ድምፅ አይሰማም፤ መምህር ጠመኔውን ይዞ ይቆማል፣ ልጆቹ ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። እኔም ያን ጊዜ ስማቸውን በግዕዝ ፊደል በሰሌዳው ላይ እጽፍላቸው ነበር። የማላያላም ፊደልም እንደኛው አናባቢውን በተነባቢው ላይ የሚቀጥል ስለሆነ፣ ቀጥል፣ እጅ፣ እግር የሚለው ነገር ለእነሱ እንግዳ አልነበረም። ከእንግሊዝኛው ይልቅ የእኔን ፊደል ቶሎ ያዙት።

መምህርቷ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ምእመን ነበሩ። ቅዱስ ቶማስ በ52 ዓ.ም. ከባሕራችን ዳርቻ ወርዶ አስተማረን የሚሉት፣ ቅዳሴያቸው ከሶርያ የመጣው፣ በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ የሆኑት ክርስቲያኖች ናቸው። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰዱኝ። ከደጁ ጫማ ተደርድሯል። ሴቶቹ ተከናንበው በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው ቆመዋል። መቅደሱ በመጋረጃ ተሸፍኗል። ከሚባለው አንድም አልገባኝም። በመሐል ግን «ኪርያላይሶን» ሲሉ ሰማሁ፤ ሥርዓቱንም «ቁርባና» ይሉታል። ከአዲስ አበባ ይህን ያህል ርቄ፣ ልጅ ሆኜ በእናቴ ነጠላ ሥር የሰማኋቸው ቃላት ከማላውቃቸው ሰዎች አፍ ወጡ። እንባዬ የመጣው ከናፍቆት ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ናፍቆት ብቻ አልነበረም። የቤቴ ልማድ ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ከቤቴ እጅግ የሚሰፋ መሆኑን ማየት ነው።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡና «እንደምን አደርክ?» አሉኝ። በአማርኛ! በንጉሡ ዘመን በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነው ሂሳብ አስተምረዋል። ብዙ የኬራላ ሰዎች በዚያ ዘመን የኛን ወላጆች አስተምረዋልና ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከእነርሱም የታወቁት በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገና ካህን ሳይሆኑ ለማስተማር ወደ ሀገራችን የመጡት፣ አማርኛ የተማሩት፣ በኋላም የዴልሂ ሊቀ ጳጳስና ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ፕሬዚዳንቶች አንዱ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ጎርጎርዮስ ናቸው። አዛውንቱ እጄን ይዘው «እኛ መጥተን አስተማርን፤ አሁን አንተ መጣህ» አሉኝ።

በሐምሌ የመምህርቷ ባለቤት ታመሙና ካህናቱ ከቤታቸው ጸሎት አደረሱ፤ ዘይትም ቀቧቸው። የጸሎቱ ስም ምን እንደሆነ ብጠይቅ «ቃንዲላ» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ለእህቴ ስልክ ደውዬ ነበር። እናታችን ታማለች፤ ያን ዕለትም መጽሐፈ ቀንዲል ተነቦላታል። ሁለቱ ቀንዲሎች አንድ መሆናቸውን ለእህቴ ላስረዳት ሞከርኩ፤ መስመሩ ይቆራረጥ ነበርና የሰማችኝ አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ማዕድ ተበድሬ ሳይሆን በራሴ አፍ መጸለይ ጀመርኩ። ማለዳ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ አንዲት ነገር ብቻ እለምን ነበር፤ እናቴን ማርልኝ።

ፍልሰታ ገባ። የእነሱ ጾም በእነሱ ወር ቁጥር ከኦገስት 1 እስከ 15 ነው፤ የእኛ ነሐሴ 1 የሚውለው ግን በኦገስት 7 ነው። ስለዚህ እነሱ ሲፈቱ እኔ ገና አጋማሹ ላይ ነበርኩ። ያ ቀን የህንድ የነጻነት ቀንም ነውና ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ ልጆቹ ከወተት የተሠራ ጣፋጭ ይዘውልኝ መጡ። አልቀበልም ስል ከፊት የሚቀመጠው ልጅ፣ «ሳር፣ የኛ ጾም አልቋል እኮ። የእርስዎ ለምን አላለቀም?» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ሂንዱም ሙስሊምም ነበር፤ ሁሉም ዝም ብለው ያዩኛል። የወር አቆጣጠሩን በሰሌዳ ላይ አስረዳሁ። «ካልጾሙስ ማን ያያል?» አለ ሌላው። ጥያቄውን ለማንም አልመለስኩትም፤ ቆየሁ። ከዚያ «እናቴ በሀገሬ ይህን ጾም እየጾመች ነው። አብሬያት ነው የምጾመው» አልኳቸው።

በዚያው ሰሞን መምህርቷ የጾሙን ነገር አንስተው የቶማስን ታሪክ ነገሩኝ። እመቤታችን ስታርፍ ቶማስ በህንድ ሲያስተምር ነበርና ከቀብሯ አልደረሰም። በደመና ተጭኖ ሲመለስ ግን ስታርግ አገኛት፤ ሰበኗንም ሰጠችው። የኛም አባቶች እንዲሁ እንደሚናገሩ፣ ካህናቱ በመስቀላቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ የዚያ ሰበን ምሳሌ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። ተደሰትን፤ ሻይ ጠጣን።

ማስተማሬን ጨርሼ፣ ፈተናዬንም ወስጄ፣ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመለስኩ። የሀገሬ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነግር ታውቃላችሁ። ማታ «ለሕክምና ክፍለ ሀገር ወስደዋታል» ተባልኩ፤ ጎህ ሲቀድ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች ከደጅ ቆመው ነበር። እናቴ ያረፈችው በሐምሌ መጨረሻ ነው። በሰው ሀገር ብቻውን ምን ይሆናል ብለው ደብቀውኛል። አልተቀየምኳቸውም፤ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ለዚያ ክፍል «እናቴ እየጾመች ነው» ስል ግን ከተቀበረች ሳምንት አልፏት ነበር። እነዚያ ሁሉ ማለዳዎች የለመንኩት ለሌለች ሰው ነበር።

ይህ ነው የከበደኝ። ገና መጸለይ የጀመረ ሰው፣ የመጀመሪያ ልመናው ከመቃብር ጋር ሲጋጭ ምን ይላል? ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ብዙ አልተናገሩም። «ልጄ፣ ጸሎትህ አድራሻ አልሳተም። ለሕመሟ የላክኸውን ለነፍሷ ተቀብሎታል» አሉኝ። ከዚያ ቆይተው፣ «ከሐዋርያት መሐል ዘግይቶ የደረሰው ማን ነው? ያያትስ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን አልነገሩኝም። እንደ መምህርቷ ጠይቀው ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ ወራት ቆይቻለሁ። ሐዘኔ በዚህ አልተፈታም፤ ነገር ግን ጸሎቴን አልተውኩም። ከህንድ ይዤው የመጣሁት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

እህቴ የእናቴን ነጠላ ከሳጥን አውጥታ የሰጠችኝ ዕለት እነዚህን አራት ስንኞች ጻፍኩ፤

ደመና አላገኘሁ፣ እንደ ቶማስ በርሬ፤
አፈርሽ ላይ ደረስኩ፣ የሰው ልጅ አስተምሬ።
ሰበን ባይደርሰኝም፣ ለእጄ የሚቀር፤
ነጠላሽ አለልኝ፣ ጠረንሽ ሚነግር።

መምህር አልሆንኩም። ከእናታችን በኋላ የታናናሾቼ ትምህርት በኔ ላይ ወደቀ፤ የባንክ ደመወዝ ከመምህር ይሻል ነበርና ባንክ ገባሁ። ወዳጆቼ አንዳንዴ «ያ ሁሉ ሥልጠና ከንቱ ቀረ» ይሉኛል። እኔ ግን አባ ሰላማን አስባለሁ። ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ለዓመታት የሌላ ሰው ሒሳብ ሲጽፍ ኖሯል፤ የጸሎት ቦታውንም ያበጀው ከዚያው ከሥራው ላይ ሆኖ ነው።

በመስኮቴ በኩል አንዳንድ ጊዜ መፈረም የማይችሉ፣ በአውራ ጣት አሻራ ገንዘብ የሚያወጡ እናቶች ይመጣሉ። ቅጹ ላይ ምን እንደተጻፈ አነብላቸዋለሁ። «ገባዎት እማማ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከኋላ ሰልፉ ያጉረመርማል። እኔ ግን መልሳቸውን እጠብቃለሁ።

ቸር ይግጠመን።