የእናቴ ሳጥን

አዳማ ነፋስ አያጣትም። እ.ኤ.አ. በ2012 በከተማዋ ዳርቻ ሥራ የጀመሩትን 34 የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ያው ነፋስ፣ የስምጥ ሸለቆን አቧራ ተሸክሞ እኛም ቤት ይገባል።

አንድ በአንድ የለቀምኳቸው አሮጌ የኮምፒውተር ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ ራቁታቸውን ተሰጥተው ነበር። ኬዝ መግዣ አልነበረኝም። እናቴ በዝምታ ስታየኝ ሰነበተችና፣ እናቷ ለሰርጓ የሰጠቻትን የቆርቆሮ ሳጥን ባዶ አድርጋ አቀረበችልኝ።

ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ማዘርቦርዱ እንዳይነካው፣ የእስክሪብቶ ቀፎ በአጭር በአጭሩ ቆርጬ በየብሎኑ ላይ አጠለቅሁ። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣልና አንዱ ማራገቢያ ከታች አየር እንዲስብ፣ ሌላው ከላይ እንዲያስወጣ አደረግሁ። አቧራ የሚያጣራ ስስ ጨርቅ ቢቸግረኝ ከአሮጌ ነጠላዋ ቀድዳ ሰጠችኝ።

ሳጥኑን ስበሳው ግን ከክፍሉ ወጣች። ለምን እንደወጣች አልጠየቅኋትም፤ ወጣት ነበርኩ፤ ቀዳዳው እንጂ ሳጥኑ አልታየኝም።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ማራገቢያው አጉረመረመ፤ በላይኛው ቀዳዳ የወጣው ሞቃት አየር ክፍሉን በአሪቲ ሽታ ሞላው። እናቴ ተመልሳ ገባች፤ ጎንበስ ብላ ፊቷን ወደ አየሩ አስጠጋች።

«የእናቴ ቤት ሽታ ነው» አለች።

ያን ምሽት ኮምፒውተሩን ሳላጠፋው ቆየሁ።