ዱለትና ሹመት

በቀድሞው ዘመን ለተሾመ ሰው ካባ ይደረብለት፣ በጋሞ ደጋ ደግሞ በራሱ ላይ ቅቤ ይደረግለት እንደ ነበረ ሁሉ፣ የእኔ ዘመን ወጣት ሹመኛ የሚቀበለው የመዓርግ ምልክት ዳር ዳሩ በወርቅማ ሐረግ ያጌጠ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ የባለቤቱም ስም ብዙ ጊዜ አንድ ፊደል ጎድሎት የሚታተምበት ሰርተፊኬት ነው። እኔም በአርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ በሴቻ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንደኛው የቡድን መሪ ሆኜ ከተመደብሁ ወዲህ፣ ስለ አመራር፣ ስለ ለውጥና ራስን ስለ ማሳደግ የሚሰጠውን ሥልጠና እንድወስድ ታዝዤ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሱ የሆቴል ወንበሮች መካከል ተቀምጬ፣ ጧትና ከሰዓት በኋላ የመገኘት ፊርማዬን እያኖርሁ፣ ይህንኑ ወረቀት ለመቀበል በቅቻለሁ።

አሠልጣኛችን ትጉህ ሰው ነበሩ። በሦስት እግር ላይ በተዘረጋው ሰፊ ወረቀት፣ ቀለሙ ሊያልቅ በተቃረበ ማርከር ሦስት ሣጥኖች ሥለው፣ በአንደኛው «ማቅለጥ»፣ በሁለተኛው «ማንቀሳቀስ»፣ በሦስተኛው «መልሶ ማርጋት» ብለው ከጻፉ በኋላ፣ የሰው ልማድ እንደ በረዶ ስለሆነ አስቀድሞ ሊቀልጥ፣ ቀጥሎ አዲስ መልክ ሊይዝ፣ በመጨረሻም በያዘው መልክ ሊረጋ ይገባዋል ሲሉ አስተማሩን። የዓባያና የጫሞ ሙቀት ከሥር በሚያወብቀው ከተማ በረዶን ከማቀዝቀዣ ውጭ ረግቶ ያየነው ጥቂቶች ብንሆንም፣ ሁላችንም በየደብተራችን ገለበጥነው። እኔ ግን የማናቸውንም ነገር ጥንት ካላወቅሁ ዕረፍት የማይሰማኝ ሰው ስለሆንሁ፣ ሣጥኖቹ ከየት ተነሥተው፣ በማን እጅ አልፈው አርባ ምንጭ እንደ ደረሱ ስመረምር ሰነበትሁ።

ምርመራው ያደረሰኝ ኩርት ሌዊን ከሚባል ሊቅ ዘንድ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1890 ያን ጊዜ በፕሩሲያ፣ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ ባለችው በሞጊልኖ ከአይሁድ ወላጆች ተወልዶ፣ በበርሊን የሥነ ልቡና መምህር ሆኖ ሲኖር፣ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ስለ ማቅለጥና ስለ ማርጋት የጻፈው ቃል የታተመው እርሱ ባረፈበት በ1947 ሲሆን፣ ለቃሉ ሣጥን ሠርተው፣ በሣጥኖቹም መካከል ቀስት ስበው ለአዳራሽ እንዲመች ያደረጉት ከእርሱ በኋላ የተነሡ ደቀ መዛሙርት ናቸው። የመምህራን ዕጣ መቼም ይኸው ነው፤ መጽሐፋቸውን የሚያነብ ይጠፋል፣ ሥዕላቸውን ግን የማይገለብጥ የለም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ከሣጥኖቹ አስቀድሞ የሆነው ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ምርጥ ምርጡ ሥጋ ለሠራዊቱ እየሄደ ስላስቸገረው፣ እመቤቶች የበሬውን ልብ፣ ኩላሊትና ሌላውን የውስጥ ዕቃ ለቤተሰባቸው እንዲሠሩ ቢፈልግ፣ እነርሱ ደግሞ ሽታውን ተጸይፈው፣ ባሎቻቸውንም ፈርተው እምቢ ባሉ ጊዜ፣ ያን ጊዜ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሌዊን እንዲመክር ተጠየቀ። እርሱም በበጎ ፈቃድ የሕሙማን እንክብካቤ የሚማሩ ስድስት የሴቶች ቡድኖችን ወስዶ፣ ለሦስቱ ቡድኖች ስለ ቪታሚኑ፣ ስለ ዋጋው ርካሽነትና ስለ አገር ፍቅር ያማረ ትምህርት አሰጣቸው፤ የአሠራሩም ጽሑፍ ተባዝቶ ታደላቸው። የቀሩት ሦስት ቡድኖች ግን የራሳቸውን ችግር እያነሡ፣ ሽታውን በምን እናጥፋው፣ ባልን በምን እንርታው እያሉ እርስ በርሳቸው ከተመካከሩ በኋላ፣ በሚመጣው ሳምንት የምትሞክር ማን ናት ቢባሉ በጎረቤቶቻቸው ፊት እጃቸውን አነሡ። ኋላ ሲጠየቁ፣ ትምህርቱን ከሰሙት መካከል አዲሱን ሥጋ የሠሩት ከመቶ 3 ብቻ ሲሆኑ፣ ተመካክረው ከወሰኑት መካከል ግን ከመቶ 32 ሆነው ተገኙ።

ዱለት ለመብላት ጉባኤ አስፈልጎን የማያውቅ እኛ ኢትዮጵያውያን፣ ዓለም የሚያጠናው የለውጥ ትምህርት ከልብና ከኩላሊት ሰፈር መወለዱን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። ሆኖም የነገሩ ምፀት ከዚህ ይጠልቃል፤ የዚህ ትምህርት አባት በጥንተ ነገሩ ያስመሰከረው ትምህርት ብቻውን ሰውን እንደማይለውጥ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ይህንኑ ምስክርነት በረድፍ ተቀምጠን፣ በትምህርት መልክ፣ ከነተባዛ ጽሑፉ ተቀበልነው። በዚያ ሥልጠና ሰልጣኞቹ በእውነት የተመካከርንበት፣ ተከራክረንም እጅ በማንሣት የቈረጥንበት ጉዳይ ቢኖር የምሳ ሰዓትና የአበል አከፋፈል ነበር፤ እነዚህም ሁለት ውሳኔዎች ሳይሸራረፉ ተፈጽመዋል።

ከሴቻ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ዓባያን ቁልቁል ከሚያይ ዐለት ላይ የተቀመጠችውን የጋሞ መንደር ኦቾሎን ያየ ሰው፣ ለዚህ ነገር አይዋ ድረስ መሄድ እንዳላስፈለገን ይረዳል። የጋሞ ሕዝብ የሚመክርበት አደባባይ፣ ዱቡሻ የሚባለው፣ ሰዎች በሜዳ ተቀምጠው፣ በምርቃት ከፍተው፣ ከእነርሱም አንዱ ተነሥቶ ሲናገር ሌላው ጸጥ ብሎ እየሰማ፣ ነገሩ እስኪበስል ድረስ የሚያውጠነጥኑበት ሸንጎ ነው። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያ ተቀምጦ ይህን ሸንጎ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ ካሳተመበት በኋላ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ የአውሮፓን ፓርላማና የፈረንሳይን ምክር ቤት በዚያው ዐይን መርምሯል። እንግዲህ ሰውዬው ስለ ሸንጎ የተማረውን ከኦቾሎ ወደ አውሮፓ ይዞ ሲወጣ፣ በአንጻሩ የእኛ ሦስት ሣጥኖች ከአሜሪካ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ፣ በአየር ላይ ሳይተላለፉ አልቀሩም።

አያቴ፣ ከጨንቻ በላይ ባለ ደጋ የሚኖሩ ሽማግሌ፣ በጎልማሳነታቸው ሃላቃ ነበሩ። ሃላቃ የአገሩ ሰው በዱቡሻ መርጦ የሚሾመው፣ በትር ይዞ ሸንጎውን የሚጠብቅና ውሳኔውን የሚያስፈጽም ሹም ነው፤ ካዎ እንደሚባለው የአገሩ ባላባት ሹመቱን ከአባቱ አይወርስም። ወደዚህ መዓርግ የሚገባ ሰው የአገሩን ሕዝብ በየተራው ድግስ ማብላትና ማጠጣት ግዴታው ስለሆነ፣ ገብሱ፣ ከብቱና ቅቤው ከጎተራውና ከጋጣው እየወጣ ያልቃል፤ ዘመዶቹም አብረውት ይጎዳሉ። በመስቀል ሰሞን በራሱ ላይ ቅቤ ተደርጎ፣ ገበያውን እየዞረ ለሕዝብ ይታያል። እኔ በሥልጠናው «ራስን ማሳደግ» ስባል የገባኝ ደመወዜና መዓርጌ ከፍ እንዲል ዕውቀት መጨመር ሲሆን፣ አያቴ ግን በሰው ፊት ያደጉት ጎተራቸው ባነሰበት ልክ ነው።

ሰርተፊኬቱን ይዤ በሄድሁ ጊዜ ወደ ብርሃኑ አዘንብለው፣ ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው፣ «መልካም ነው፤ ማንን አበላህበት?» አሉኝ። «ኧረ አባባ፣ ያበሉኝ እኔን ነው፤ ሻይም ምሳም ነበረ፣ አበልም ተከፈለኝ» ብላቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያው የሾምኸው አንተ ነሃ!» ሲሉ ሳቁብኝ። ያን ዕለት ማታ ስለ ላም ዋጋና በዶርዜ በኩል ታየ ስለ ተባለ ነብር ስናወራ አመሸን፤ (የዶርዜ ሰው ነብር ክርስቲያን ስለሆነ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል ይላል፣ ነገር ግን በጾሙ ቀንም ቢሆን ከብቱን ያለ እረኛ አይተውም፤ ከዚህ የተሻለ የአስተዳደር ጥበብ በሥልጠናው አልሰማሁም)።

ይህን ስል የጥንቱን ሥርዐት ለማንገሥ አልቃጣኝም። በዱቡሻ ሴት አትናገርም ነበር፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው፣ ማና እና ደጋላ የሚባሉት ወገኖች፣ ከምክሩም ከመዓርጉም ተከልክለው ኖረዋል፤ ለድግሱ ሲባል ቤቱ የተራቆተበትም ሰው ጥቂት አልነበረም። የአብዮቱ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበርን በሃላቃው ቦታ ባስቀመጠ ጊዜ፣ የወንጌላውያኑም ስብከት ሥርዐቱን ባወገዘ ጊዜ፣ ያዘነ እንዳለ ሁሉ እሰይ ያለም ነበር። ይሁንና ኀይሉ ጨርሶ እንዳልሞተ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አይተናል፤ በቡራዩ በወገኖቹ ላይ የደረሰውን ግድያ ሰምቶ ለበቀል የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበርክከው መልሰውታል። የተንበረከከ ሽማግሌን ተራምዶ ማለፍ ጎሜ መሆኑን፣ ማለት በሰውና በአገር ላይ መቅሠፍት የሚያመጣ ነውር መሆኑን፣ ያ ወጣት በአዳራሽ አልተማረውም።

የእኔ መሥሪያ ቤት ችግር ከዚህ ሁሉ በጣም ያነሰ ነው። ከቦንኬና ከካምባ ሌሊት ተነሥቶ የሚመጣ ባለጉዳይ እኩለ ቀን ላይ ሴቻ ሲደርስ፣ መስኮታችን ለምሳ ተዘግቶ፣ በረንዳው ላይ ላቡን እየጠረገ ይጠብቃል። በተራ እየተቀያየርን መስኮቱን ክፍት እንድናደርግ የሚያዝዝ ሰርኩላር በየጊዜው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ በሰሌዳው ላይ እየተለጠፈ፣ ፀሐይ እያነጣው ወድቋል። ከተሾምሁ ወዲህ ግን ባልደረቦቼ «ሹመት ያዳብር» ማለታቸው ሳይበቃ ጋብዘን እያሉ ስላስጨነቁኝ፣ አንድ ዓርብ ሁሉንም ይዤ ወደ ታችኛው ከተማ ወደ ሲቀላ ወርጄ፣ የጫሞ ዓሣ ዱለት ቀርቦልን፣ እጃችን በሚጥሚጣ ቀልቶ ሳለ ይህንኑ ነገር አነሣሁባቸው። አንዱ የሙቀቱን፣ ሌላው የቤቱን ርቀት፣ ሦስተኛው የአለቆችን ግዴለሽነት እያነሣ ሲከራከር ቆይቶ፣ በመጨረሻ እስቲ ማን በየትኛው ቀን ይቆያል ተባብለን እጅ አነሣን። እጇን ያላነሣችው የመዝገብ ቤቷ እኅታችን ብቻ ነበረች፤ ልጇን በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤት የምታወጣ እርሷ ራሷ መሆኗን፣ ሰርኩላሩን የጻፈው ሰው ግን ይህን ጠይቋት እንደማያውቅ ነገረችን። ልጁ የከሰዓት ፈረቃ በሚማርባቸው ቀናት ተራዋ እንዲሆን ከተስማማን በኋላ እርሷም አነሣች፤ ሁለተኛ ዱለትም አዘዘች፤ ሒሳቡን የከፈልሁት እኔ ነኝ።