ሻኪሶ ላይ ያፈርሁበት ቀን

በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር ወደ ጉጂ ወርጄ ሻኪሶ ገባሁ። ከላዩ ቡና የሚበቅልበት፥ ከሥሩ መረግድ የሚቈፈርበት አገር ነው። አንዲት እናት ቡና ሲለቅሙ አገኘኋቸውና «ላግዝዎ» ብዬ ቅርንጫፉን እንዳለ ሸመጠጥሁት። እሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ከቀዩ መካከል አረንጓዴውን አንድ በአንድ ለቅመው አወጡት፤ ያልበሰለው ፍሬ የበሰለውን ጣዕም ያበላሻልና። አንባቢ ሆይ፥ እኔ ቡና ጠጪነቴን እንደ ዕውቀት ቆጥሬው ኖሯል!

ማታ ልጃቸው በጥቁር ድንጋይ ውስጥ የተጣበቀ መረግድ አሳየኝ። ጥቁሩን በጥድፊያ ቢፈለቅቁት አረንጓዴው አብሮ ይሰነጠቃልና በትንሽ መሮ ቀስ እያለ ይፈቀፍቀዋል። «እስቲ ይሞክሩት» ብሎ መሮውን ሲዘረጋልኝ እጄን ወደ ኋላዬ ሸሸግሁ። እናቲቱ ሳቁ፤ ቡናም ቀዱልኝ።